ድሮም አውቄው ነበር

ትዳር ሲፈርስ፣ ሱቅ ሲዘጋ፣ ሹም ከወንበሩ ሲነሣ በየቡናው ላይ የሚሰማው ቃል አንድ ዓይነት ነው፦ «እኔ እኮ ድሮም አውቄው ነበር።» ይህን የሚለው ብዙ ጊዜ ሠርጉ ላይ ሲጨፍር ያመሸው፣ ሱቁ ሲከፈት መርቆ የሄደው፣ ሹሙ ሲሾም ደስታውን ለመግለጽ ከተሰለፉት አንዱ ነው። ሰውየውን ውሸታም ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን አይዋሽም። የሚዋሽ ሰው እውነቱን በልቡ ይዞ ሌላውን ያታልላል፤ እሱ ግን የሚናገረው ከልቡ ነው። ያላየውን ምልክት እንዳየ፣ ያልጠረጠረውን እንደጠረጠረ አድርጎ የሚመሰክርለት የገዛ ትዝታው ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ዘግይቶ የሚጮኸውን ይወቅሳል። የእኛ ነገር ከዚያ ይብሳል፤ ጅቡ ከሄደ በኋላ እየጮኽን፣ ገና ሳይመጣ የጮኽን ይመስለናል።

ሰው ከስሕተቱ ይማራል ሲባል ሁሉም ይስማማል። እኔ ይህን አባባል እንዲሁ መቀበል ከተውኩ ቆይቻለሁ። ከስሕተት ለመማር መጀመሪያ ስሕተቱ እንደተሠራ መቆየት አለበት። ምን አስቤ ነበር? ምን ጠብቄ ነበር? ምን ያህል እርግጠኛ ነበርኩ? የእነዚህ መልስ ሳይነካ መገኘት አለበት። ትዝታ ግን ሳይነካ አያስቀምጥም። ውጤቱ በታወቀ ማግስት የቀድሞውን ሐሳብ ከውጤቱ ጋር እንዲስማማ አድርጎ ያርመዋል። ለመማር ስንቀመጥ የምንማርበት ስሕተት ከቦታው ጠፍቷል። አጥርቶ የማሰብ ልማድ የሚጀምረው ይህን ከማመን ነው።

ነገሩ በግምት የተባለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን መጀመሪያ ወደ ቻይና፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ወደ ሶቪየት ኅብረት ተጓዙ። የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነበርና ምን ይዘው እንደሚመለሱ ማንም አያውቅም። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ባሩክ ፊሽሆፍ እና ሩት ቤይት የተባሉ ሁለት አጥኚዎች አጋጣሚውን ለአንድ ጥያቄ ተጠቀሙበት። ጉዞው ሳይጀመር ተማሪዎችን ሰበሰቡና ጠየቁ፦ ኒክሰን ከቻይናው መሪ ከማኦ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛሉ? አሜሪካ በቤጂንግ ቋሚ የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤት ትከፍታለች? ለእያንዳንዱ የመሆን ዕድሉ ከመቶ ስንት ነው? ተማሪዎቹ ቁጥራቸውን ጽፈው ሰጡ። ጉዞው ካለቀና ዜናው ከተሰማ በኋላ አጥኚዎቹ ተመልሰው መጡ። የዚህኛው ጊዜ ጥያቄ ስለ ኒክሰን አልነበረም። «ያኔ ስንት ብላችሁ ነበር?» የሚል ነበር። ተማሪዎቹ የሆነው ነገር እንደሚሆን ቀድሞ ከጻፉት በላይ እርግጠኞች እንደነበሩ አድርገው አስታወሱ። በገዛ እጃቸው የጻፉት ወረቀት ባይኖር ኖሮ ማንም አያርማቸውም ነበር፤ እነሱም ራሳቸውን አርቆ አሳቢ አድርገው ይኖሩ ነበር። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው።

አእምሮ ለምን እንዲህ ይሠራል? አዲስ ነገር ሲሰማ አሮጌውን ሐሳብ ለብቻው በመዝገብ አያስቀምጥም፤ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ፈትሎ አንድ ገመድ ያደርገዋል። ለዕለት ኑሮ ይህ ጥሩ ነው፤ ትናንት ያመንበትን ሁሉ እየተሸከምን መሄድ አንችልምና። ዋጋው ግን ውድ ነው። በዚህ ዋጋ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ መጻሕፍት በዚህ ነገር የሚደነቁትን ያህል ስለሚያደርሰው ጉዳት አይናገሩምና።

የመጀመሪያው ጉዳት በሌላው ሰው ላይ ነው። ሐኪም፣ ዳኛ፣ አስተማሪ፣ የቀበሌ ሠራተኛ፣ አባወራ ሁሉም ውጤቱን ሳያውቁ ነው የሚወስኑት። እኛ ግን የምንፈርድባቸው ውጤቱን አውቀን ነው። «እንዴት ይህን አላየህም?» እንላለን። ያን ቀን ያ ምልክት ከብዙ ምልክቶች መካከል አንዱ ነበር፤ ዛሬ ግን ሌሎቹ ሁሉ ደብዝዘው እሱ ብቻ ደምቆ ይታየናል።

ሁለተኛውና የከፋው ጉዳት በራስ ላይ ነው። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። እናት ደረቷን እየደቃች «ያን ቀን ሲያስለው ሐኪም ቤት ብወስደው ኖሮ» ትላለች። ጎረቤት «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብሎ ሊያጽናናት ይሞክራል። እሷ ግን አትጽናናም፤ እውነቱን የምታውቅ ይመስላታላ። በእርግጥ ያ ሳል ያን ቀን ምን ይመስል ነበር? ልጆች ሁልጊዜ እንደሚያስላቸው ያለ ሳል ነበር። በዚያው ሳምንት የጎረቤቶቿም ልጆች ስለው ነበር፤ ድነውም ነበር። ልጇ ከሞተ በኋላ ግን የሳሉ ስም ተለወጠ፤ «የሞት ምልክት» ሆነ። እናቲቱ የምትከሰሰው በዚያ ቀን በእጇ ባልነበረ ዕውቀት ነው፤ ከሳሿም ዳኛዋም ራሷ ናት። ትዝታ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለዚህች እናት ልጇን አይመልስላትም። የሌለባትን በደል ግን ከትከሻዋ ሊያወርድላት ይችላል። ስለ ማሰብ የሚጻፍ መጽሐፍ ለዚህ ካልጠቀመ ለምን ይጠቅማል?

ትዝታችን የሚያርመው ሐሳባችንን ብቻ አይደለም። የት እንደነበርን፣ ከማን ጋር እንደነበርን፣ በዓይናችን ምን እንዳየን ጭምር ያርማል። መስከረም 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀድሞ የገባበትን ቅጽበት የት ሆኖ እንዳየው አንድ በዕድሜው የደረሰ ኢትዮጵያዊ ይጠይቁ። ክፍሉን፣ የቴሌቪዥኑን ዓይነት፣ ማን እንደጮኸ፣ ማን እንዳለቀሰ ይነግርዎታል። እንደዚህ ያለ ትዝታ ፎቶግራፍ ይመስላል፤ ስለዚህም እናምነዋለን።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኡልሪክ ናይሰር ይህን እምነት ፈትኖታል። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ከነሰባት ተሳፋሪዎቿ በአየር ላይ ፈነዳች። በማግስቱ ጧት አትላንታ በሚገኘው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ናይሰርና ረዳቱ ኒኮል ሃርሽ ለተማሪዎች መጠይቅ ሰጡ፦ ዜናውን የት ሰማችሁት? ከማን? ምን እያደረጋችሁ? ወረቀቶቹ ተሰብስበው ተቀመጡ። ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ከእነዚያ ተማሪዎች 44ቱ ያንኑ ጥያቄ እንደገና መለሱ። ከ44ቱ 11ዱ ከዋና ዋናዎቹ ነጥቦች አንዱንም አላገኙትም። ሁሉንም በትክክል ያስታወሱት 3 ብቻ ነበሩ። አንዷ ተማሪ በማግስቱ ስትጽፍ፣ ክፍል ውስጥ ሳለች ሰዎች ገብተው ሲያወሩ እንደሰማች ተናግራ ነበር፤ በኋላ ግን አብራት ከምትኖረው ተማሪ ጋር በማደሪያዋ ቴሌቪዥን ስታይ እንደነበር በዝርዝር ተረከች። ቁጥሩ አይደለም እኔን የሚያስደነግጠኝ። አጥኚዎቹ የመጀመሪያውን ወረቀት፣ በገዛ እጅ ጽሕፈታቸው የተጻፈውን፣ አምጥተው ሲያሳዩአቸውም የአሁኑ ትዝታቸው ንቅንቅ አላለም። ከወረቀቱ ይልቅ ትዝታቸውን አመኑ። እርግጠኛ መሆን እና ትክክል መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም።

ልምድ ያለው ሰው

«እሱስ ለተራ ሰው ነው፤ ልምድ ያለው ግን…» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልምድ ራሱ ውሸት ሊያስተምር እንደሚችል የሚያሳይ፣ ዳንኤል ካህነማን ደጋግሞ የሚናገረው ታሪክ ነበረው። ካህነማን እ.ኤ.አ. በ2002 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኘ የሥነ ልቦና ሰው ነበር። ወጣት መምህር ሳለ ለእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አሠልጣኞች ያስተምር ነበር። ትምህርቱ ሰው ከቁጣ ይልቅ በማበረታታት ይሻሻላል የሚል ነው። አንድ አንጋፋ አሠልጣኝ ተነሥቶ ተቃወመ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው አለ፦ ጥሩ የበረረውን ሳመሰግነው በሚቀጥለው ይበላሻል፤ መጥፎ የበረረውን ስጮኽበት በሚቀጥለው ያሻሽላል።

ሰውየው ያየውን አላጣመመም። የተናገረው በትክክል የሆነውን ነው። የሳተው ምክንያቱን ነው። አንድ ሠልጣኝ አንድ ቀን ከወትሮው እጅግ አብልጦ ሲበር ከችሎታው ሌላ ዕድልም አግዞታል፤ ነፋሱ፣ እንቅልፉ፣ የቀኑ ሁኔታ። ዕድል በየቀኑ አይደገምምና በማግስቱ ወደ ወትሮው ይመለሳል፤ ቢመሰገንም ባይመሰገንም። እጅግ የከፋ ቀን የዋለውም እንዲሁ በማግስቱ ይሻሻላል፤ ቢጮኹበትም ባይጮኹበትም። ካህነማን ይህን ለማሳየት ወለሉ ላይ ዒላማ አሠመረና አሠልጣኞቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ሳያዩ ሁለት ሁለት ሳንቲም እንዲወረውሩ አደረገ። በመጀመሪያው ውርወራ የቀረቡት ብዙዎቹ በሁለተኛው ራቁ፤ የራቁት ቀረቡ። ሳንቲም ወርዋሪውን ማንም አላመሰገነውም፤ ማንም አልጮኸበትም።

ይህ ታሪክ ለእኛ አገር ከማንም አገር በላይ የተነገረ ይመስለኛል። ስንት ትውልድ በአለንጋ ተማረ? «ካልተገረፈ አይማርም» የሚለው አስተማሪ ጨካኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም የሚለው፤ ሠላሳ ዓመት ሲያየው የኖረው ነው። ልጁ ከመቶ 35 አመጣ፤ ተገረፈ፤ በሚቀጥለው 50 አመጣ። አንደኛ የወጣችው ልጅ ተሞገሰች፤ በሚቀጥለው ሦስተኛ ወጣች፤ «ሙገሳ አበላሻት» ተባለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሕይወት ራሷ ለአለንጋው ትመሰክርለት ነበር፤ በሐሰት። ያ አስተማሪ የተገረፉትንና ያልተገረፉትን ልጆች ውጤት ጎን ለጎን ለአንድ ዓመት ጽፎ ቢይዝ ኖሮ ሁለቱም እኩል ወደ ወትሮአቸው እንደሚመለሱ ሊያይ ይችል ነበር። ግን የሚጻፈው ውጤቱ ነው እንጂ ዱላው አይደለም። በዚህ ስሕተት የተመቱትን እጆች ማን ይቆጥራቸዋል?

ደብተሩ

የሰፈር ባለሱቅ ዱቤ ሲሰጥ ይጽፋል። ደንበኛው የሃያ ዓመት ጎረቤቱ ቢሆን፣ ቢተማመኑ፣ ቢዋደዱ ይጽፋል፤ ስኳር ይህን ያህል፣ ዘይት ይህን ያህል፣ ቀኑ ይህ። የሚጽፈው ጎረቤቱ ሌባ ስለሆነ አይደለም። ሁለት ቅን ሰዎች ከወር በኋላ ስለ አንድ ኪሎ ስኳር ሁለት የተለያየ ነገር እንደሚያስታውሱ፣ እያንዳንዱም ወደ ራሱ እንደሚያጋድል ስለሚያውቅ ነው። ለስኳር ያደረግነውን ጥንቃቄ ለውሳኔዎቻችን አናደርግም። ልጅን ለማስተማር፣ ቤት ለመሸጥ፣ አገር ለመልቀቅ፣ ለማግባት ስንወስን ያሰብነው ሁሉ በቃል ይቀራል፤ በቃል ያለ ደግሞ ይረሳል። ይባስ ብሎም ሌላ ሆኖ ይታወሳል።

እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን ይህን በገዛ ራሱ ላይ ያወቀ ሰው ነበር። ስለ ፍጥረታት መለወጥ ማስታወሻ መያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው፤ መጽሐፉን ያወጣው ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1859። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ልማድ ነበረው፤ በሽምግልናው በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ እንደ ወርቅ ሕግ ይቆጥረዋል። ሐሳቡን የሚቃወም ማንኛውንም ነገር፣ ያነበበውን ይሁን ያየውን ይሁን በአእምሮው የመጣበትን፣ እዚያው በዚያው ሳይዘገይ ይጽፈው ነበር። ለምን? የሚደግፉት ነገሮች ሳይጻፉም እንደሚታወሱት፣ የሚቃወሙት ግን ቶሎ ከአእምሮው እንደሚበኑ ስለተገነዘበ። በዚህ የተነሣ መጽሐፉ ሲወጣ ከተሰነዘሩት ተቃውሞዎች እሱ አስቀድሞ ያላያቸው ጥቂቶች ነበሩ። ከመጽሐፉ ምዕራፎች አንዱን በሙሉ ለንድፈ ሐሳቡ ችግሮች ሰጥቶታል።

እኔ በዳርዊን ልማድ የምደነቀው ትሕትናውን ብቻ አይቼ አይደለም። ልማዱ ትክክለኛ የራስ ዕውቀትም ነው። «እኔ ቅን ነኝ፤ እውነትን አልሸሽም» ብሎ ለራሱ ምስክርነት አልሰጠም። አእምሮው የትኛውን እንደሚጥል አወቀና የሚጥለውን የሚያነሣ ሥርዓት ሠራ። ቅንነት ብቻውን አይበቃም፤ ቅን ሰው ሁሉ ይረሳል። በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፈ አንባቢ ለዚህ ልማድ እንግዳ አይሆንም። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር አንዱን ፍቺ ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ያስከትላል፤ ሁለተኛው ስለመጣ የመጀመሪያው አይፋቅም። ደቀ መዝሙሩ ሁለቱንም ይዞ ይኖራል። የተለያዩ ሐሳቦችን ጎን ለጎን ማኖር በአገራችን የቆየ ሙያ ነው፤ ወደ ቤታችንና ወደ ገበያችን አላመጣነውም እንጂ።

ሐሳብን በወረቀት የያዘ ሌላው ሰው አሜሪካዊው ፖለቲከኛና ሳይንቲስት ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 ወዳጁ ጆሴፍ ፕሪስትሊ፣ በኋላ ኦክስጅንን የለየው ሳይንቲስት፣ ከአንድ ባላባት ዘንድ የሥራ ጥሪ መጥቶለት ልቡ ተከፍሎ ምክር ጠየቀው። ፍራንክሊን ከለንደን መለሰለት፤ ጉዳዩን በበቂ ስለማላውቀው ምን እንደምትወስን ልነግርህ አልችልም፣ እንዴት እንደምትወስን ግን እነግርሃለሁ የሚል ነበር መልሱ። አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍለህ በአንዱ ወገን የሚደግፈውን፣ በሌላው የሚቃወመውን ጻፍ። ክብደታቸው የተካከለውን ከዚህም ከዚያም ሰርዝ፤ አንዱ የዚህ ወገን ሁለት የዚያን ወገን የሚመዝን ከሆነ ሦስቱንም ሰርዝ፤ ሚዛኑ የት እንደሚያዘነብል ታያለህ።

ይህን የሁለት ዓምድ ወረቀት ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የሚዘለው ግን ቀኖቹን ነው። ፍራንክሊን ወረቀቱን በአንድ ቁጭታ ሙላ አላለም፤ ሦስት አራት ቀን ስጠው ነው ያለው። ምክንያቱም ከባድ ጉዳይ ሲያጋጥመን ምክንያቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አእምሮአችን አይመጡም። ዛሬ የሚደግፉት ተሰልፈው ይመጣሉ፣ የሚቃወሙት ከዓይን ይሰወራሉ፤ ነገ ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ጧት «እሄዳለሁ»፣ ማታ «እቀራለሁ» የሚለው ሰው ወላዋይ ተብሎ ይሰደባል። ፍራንክሊን የታየው ሌላ ነው፦ ያ ሰው ጧትና ማታ የሚያየው የተለያየ ግማሽ ነው። ወረቀቱ ሁለቱን ግማሾች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ያሳየዋል።

በውሳኔ ደብተር ላይ ምን ይጻፋል? ቀኑ፤ የወሰኑት፤ የጠበቁት ነገርና የሚጠብቁበት ጊዜ፤ ከመቶ ስንት እርግጠኛ እንደሆኑ፤ ዋናው ምክንያት፤ ሐሳብዎን ሊያስለውጥ የሚችለው ነገር። ከአምስት ስድስት መስመር አይበልጥም። ዱባይ የምትሠራ አንዲት እህት ለወንድሟ ባጃጅ መግዣ ገንዘብ ላከች እንበል። እንዲህ ትጽፋለች፦ «እስከ ፋሲካ ግማሹን ይመልሳል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ከመቶ 60። ዋናው ምክንያቴ ሥራ መውደዱ ነው። እስከ ጥር ፈቃድ ካላወጣ ግን እንጃ።» ፋሲካ ደረሰ፤ ገንዘቡ አልተመለሰም። ደብተር ባይኖራት ኖሮ «ድሮም አላመንኩትም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰነፍ ነው» ማለቷ አይቀርም ነበር፤ ወንድሟም ዕድሜ ልኩን ሰነፍ ሆኖ ይቀር ነበር። ደብተሩ ግን ሌላ ይነግራታል፦ አምነሽው ነበር፤ ከመቶ 40 ላይሳካ እንደሚችልም ታውቂ ነበር፤ የፈራሽውም ፈቃዱን ነበር። ፈቃዱ እስከ መጋቢት አልወጣም። እንግዲህ ጥፋቱ የወንድሟ ጠባይ ላይ ነው ወይስ ፈቃዱ ላይ? ቢያንስ ጥያቄው ትክክለኛው ጥያቄ ሆነ።

ቁጥሩን ብዙ ሰው ይሸሸዋል። «ይሳካል ብዬ አስባለሁ» ማለት ይቀለናል፤ ምክንያቱም ይህ አባባል ከተሳካም ካልተሳካም አይያዝም። የዩናይትድ ስቴትስ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የዝናብ ትንበያውን በመቶኛ ለሕዝብ ይሰጣል። ከዓመታት በኋላ ሲጠና የትንበያ ባለሙያዎቹ ቁጥር በሚያስገርም ሁኔታ ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ ከመቶ 70 ባሉባቸው ቀኖች ከመቶ 70 ገደማ ዘነበ። ከሌላው ሰው የተለየ አእምሮ ስለተሰጣቸው አይደለም። ግምታቸው በቁጥር ይጻፋል፤ መልሱም በማግስቱ ከሰማይ ይመጣል፤ መሸሻ የላቸውም። ፊሊፕ ቴትሎክ የተባለው ተመራማሪ ደግሞ ወደ ፖለቲካ ተንታኞች ዞረ። 284 ባለሙያዎችን ለሃያ ዓመት ያህል ተከታትሎ ከ80 ሺህ የሚበልጡ ትንበያዎቻቸውን መዘገበ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2005 በመጽሐፍ አወጣ። በአማካይ ትንበያቸው በዘፈቀደ ከሚገኘው እምብዛም አይሻልም ነበር፤ በመገናኛ ብዙኃን የገነኑትም ከሌሎቹ ባሱ እንጂ አልተሻሉም። ሲሳሳቱ «ለጥቂት ነው የሳትኩት»፣ «ጊዜው ገና ነው እንጂ ይሆናል» ይሉ ነበር። በየሬዲዮውና በየዩቲዩቡ የምንሰማቸውን የአገራችንን ተንታኞች በዚህ ዓይን ብናያቸው፣ ባለፈው ዓመት ምን እንዳሉ ጽፈን ብንይዝ፣ ማንን መስማት እንዳለብን በአንድ ዓመት ውስጥ እናውቅ ነበር።

በእኛ ዘንድ ይህን ልማድ የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ክፉውን አስቀድሞ መናገር ሟርት ነው ተብሎ ይታመናል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ስለ ሠርግ ሲመክሩ «ባይስማሙስ?» የሚል ሰው «አፍህን በጎመን!» ይባላል። የንግድ ሸሪኮች ውል ሲዋዋሉ «ብንከስርስ?» ያለው ሰው ሸሪክነቱን የጠላ ይመስላል። ጋሪ ክላይን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስተዋወቀው ዘዴ ይህን አጥር ሳይሰብር የሚያልፍ ይመስለኛል። ሥራው ሳይጀመር ተሰብሳቢው ሁሉ አንድ ዓመት አልፎ ሥራው ሙሉ በሙሉ እንደከሸፈ ያስብ ይባላል። ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ሳይነጋገር፣ ለምን እንደከሸፈ ይጽፋል። መክሸፉ አስቀድሞ እንደ ጨዋታ ሕግ ስለተሰጠ ማንም ሟርተኛ አይሆንም፤ ታናሹም ታላቁን ሳይጋፋ የሚያውቀውን ያወጣል። ብዙ ጊዜ አደጋውን የሚያውቀው በጉባኤው ውስጥ ዝም ያለው ሰው ነው።

የደብተር ነገር የማይመለከታቸው ጉዳዮች አሉ። የተራበ ጎረቤት ለመርዳት፣ የታመመ ለመጠየቅ፣ ልጅን ለማቀፍ ሁለት ዓምድ አያስፈልግም። ደብተሩ ጅራፍ እንዲሆንም አይገባም። ከመቶ 60 ብሎ ጽፎ ያልሆነለት ሰው አልተሳሳተም፤ 40ው ደረሰበት እንጂ። ጠጥቶ መኪና ነድቶ በሰላም ቤቱ የገባ ሰው ግን ውጤቱ ምንም ያህል ቢያምር ውሳኔው መጥፎ ነበር። መልካም ውሳኔን ከመልካም ውጤት መለየት የሚቻለው ውሳኔው በተወሰነበት ቀን ምን ይታወቅ እንደነበር የሚናገር ነገር ሲኖር ብቻ ነው።

እኔ ይህን ልማድ ከያዝኩ ወዲህ በጣም የገረመኝ ምክንያቶች ሲጻፉ ማነሳቸው ነው። በአእምሮ ውስጥ ብዙ የሚመስሉት ወረቀት ላይ ሲወርዱ አንድ ወይም ሁለት ይሆናሉ፤ የቀሩት ያንኑ በሌላ ቃል የሚደጋግሙ ናቸው። አንዳንዴም ጽፌ ሳነበው ዋናው ምክንያት «ሰውየው ደስ ስላለኝ» የሚል ሆኖ አገኘዋለሁ። ይህ ሁልጊዜ መጥፎ ምክንያት አይደለም፤ ግን ስሙ ይታወቅ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ወር ውስጥ የሚወስኑት አንድ ጉዳይ አይጠፋም፤ የሚያበድሩት ገንዘብ፣ የሚቀጥሩት ሰው፣ የሚለቁት ቤት፣ ልጅዎን የሚያስገቡበት ትምህርት ቤት። ይህን መጽሐፍ እዚህ ላይ ያቁሙት። ወረቀትም ይሁን ስልክ ያውጡና ምን እንደሚጠብቁ፣ ከመቶ ስንት እንደሆነ፣ ሐሳብዎን ምን እንደሚያስለውጥ ይጻፉ። ለማንም አያሳዩት። ተመልሰው የሚያነቡበትን ቀን ከሥሩ ያስፍሩ፤ ያ ቀን ሲደርስም አንዲት ቃል ሳይለውጡ ያንብቡት።